ወይኑ የሚሠቃይበት አገር

ሚኒሶታ ዘመድ ያለው ሐበሻ ለእረፍት ሲሄድ የሚጠብቀው ፕሮግራም የታወቀ ነው። መጀመሪያ ሞል ኦፍ አሜሪካ ይወስዱታል። በማግስቱ ሚኒሃሃ ፏፏቴ ሥር አቁመው ፎቶ ያነሡታል። እሑድ ቅዳሴ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቡና፣ ማታ ሴንት ፖል ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ክትፎ። ቀን ከተረፈ ሐይቅ ይዞራል፤ ሐይቅ እንደሆነ በየሰፈሩ አለ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የወይን እርሻ የለም። ማንስ ያስበዋል? ዊንተር ሲገባ ሐይቁ ላይ መኪና የሚነዳበት አገር ነው። ወይን ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ካሊፎርኒያ ነው፤ ከእኛም አገር ዝዋይ።

ሆኖም ከሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ሳይርቁ በየአቅጣጫው ወይን መጥመቂያ ይገኛል። በምዕራብ ዋኮኒያ ሐይቅ ዙሪያ፣ በምሥራቅ ስቲልዋተር፣ በደቡብ ምሥራቅ ሄስቲንግስ፣ ከዚያ ወረድ ብሎ ካነን ፎልስ፣ በሰሜን ምሥራቅ ቺሳጎ ሲቲ። ቅዳሜና እሑድ ጎብኚ ጭነው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዞሩ ሚኒባሶች አሉ። ጠዋት ከቀጠሮው ቦታ ያነሣሉ፤ ሦስት አራት ቤት ያስቀምሳሉ፤ ምሳ ያበላሉ፤ አመሻሽ ላይ ይመልሳሉ። የአገልግሎቱ ዋና ጥቅም አያከራክርም፤ የቀመሰ ሰው መሪ አይጨብጥም።

እኛ የሄድነው ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ፣ እንቁጣጣሽ በተከበረ ሳምንት ቅዳሜ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ የጓደኛቸውን ልደት የሚያከብሩ ሴቶች፣ ከአይዋ የመጡ ጡረተኛ ባልና ሚስት፣ ከኋላ ወንበር ደግሞ እኛ ሦስታችን ነበርን፤ እኔ፣ የምታስተናግደኝ የእህቴ ልጅ፣ እና አማቷ። እማማ የምንላቸው እኚህ ሴት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ ናቸው። አሜሪካ ከመጡ ወዲህ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን ብዙም አልወጡም። «ጠጅ ቤት ነው የምንሄደው?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «አዎ እማማ፣ ግን ጠዋት ነው የሚከፈተው» አለቻቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተሳፈሩ።

የሄስቲንግስ መንገድ ከሴንት ፖል ወደ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚሲሲፒን እየተከተለ ይወርዳል። ግራና ቀኙ በቆሎና አኩሪ አተር ነው። ዓይን በቆሎውን ለምዶ ሊያንቀላፋ ሲል፣ በቋሚና በሽቦ ላይ የተዘረጋ የወይን ሐረግ ብቅ ይላል። እርሻው አሌክሲስ ቤይሊ ይባላል። ሚኒሶታ ውስጥ የወይን ጠጅ ወግ ሲወጋ ከዚህ ነው የሚጀመረው።

ዴቪድ ቤይሊ የሚኒያፖሊስ ጠበቃ ነበር፤ የፈረንሳይ ወይን የሚወድ ሰው። በ1973 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) እህል ይዘራበት የነበረ 20 ኤከር፣ ማለት ስምንት ሄክታር ያህል መሬት ገዝቶ ወይን ተከለ። የመረጣቸው ማሬሻል ፎሽ እና ሌዮን ሚዮ የሚባሉ፣ አልዛስ ውስጥ የተዳቀሉ ጥቁር ወይኖች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ የዚህን አገር ብርድ ያለ እርዳታ አይችሉትም። ስለዚህ በየዓመቱ፣ መሬቱ ቋጥኝ ከመሆኑ በፊት፣ ሐረጉ ከሽቦው ይፈታል፤ መሬት ላይ ይጋደማል፤ ይሸፈናል። ሲሞቅ ተነሥቶ እንደገና ይታሰራል። አንድ ሁለት ሐረግ በጓሮ ላለው ሰው ጨዋታ ነው፤ ለስምንት ሄክታር ግን ጉልበት ይጨርሳል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰውየው ሙሉ በሙሉ በሚኒሶታ ወይን የተጠመቀ ጠርሙስ ለገበያ አወጣ። በ1990 ሲሞት፣ ፈረንሳይ ሄዳ ሙያውን የተማረች ልጁ ናን ተረከበችው። የቤቱ መፈክር «ወይኑ የሚሠቃይበት ቦታ» የሚል ነው። ወይን ጠጅ አዋቂዎች ጥሩ ወይን ከተቸገረ ሐረግ ይገኛል ይላሉ፤ ቤይሊዎች ይህን አባባል ይዘው ቀለዱበት።

ቀልዱ ግን ውስጡ እውነት አለው። ካርታ ዘርግቶ ላየ ሰው ሚኒያፖሊስ ከቦርዶ ጋር አንድ መስመር ላይ ናት፤ ሁለቱም 45ኛው የኬክሮስ ዲግሪ አጠገብ ይገኛሉ። ፀሐዩ አንድ ነው። ልዩነቱ ባሕሩ ነው። ቦርዶ አትላንቲክ ያሞቃታል፤ ሚኒሶታ ከአህጉሩ መሀል ተቀምጣ ከካናዳ የሚወርደውን ነፋስ በደረቷ ትቀበላለች። በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ሚኒያፖሊስ አየር ማረፊያ የተመዘገበው ብርድ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። በ1936 ደግሞ ከዜሮ በታች 37 ተመዝግቧል። የወይን ሐረግ የመጪውን ዓመት ፍሬ በትንንሽ እምቡጦች ውስጥ አምቆ ነው ብርዱን የሚያልፈው። የአውሮፓ ወይን፣ እነ ሜርሎ፣ እነ ካበርኔ፣ እነ ሻርዶኔ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ሲያልፍ እምቡጣቸው መሞት ይጀምራል፤ 25 ካለፈ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እምቡጡ ሲሞት ግንዱ ቢተርፍ እንኳ የዚያ ዓመት ፍሬ የለም።

በዚህ አገር ያለ ማንም እርዳታ የሚኖር ወይን ግን አለ፤ በየወንዙ ዳር ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የሚታየው የዱር ወይን። ሳይንቲስቶች ቪቲስ ሪፓሪያ ይሉታል። ፍሬው ከአተር እምብዛም አይበልጥም፤ ጥርስ ያደነዝዛል፤ ግን ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ቢሆንም ግድ የለውም። እንግዲህ የሚኒሶታ ወይን ታሪክ ይህን ጨካኝ የዱር ዘር ከጨዋው ወይን ጋር የመዳር ታሪክ ነው። ጋብቻው ግን አንድ ትውልድ ብቻ አልበቃውም።

ከሁሉ በፊት የሞከረው በ19ኛው መቶ ዘመን ካርቨር በምትባለው ከተማ ይኖር የነበረ ሉዊስ ሱልተር የሚባል ሰው ነው። ያገኘውን ዝርያ በሚስቱ ስም ቤታ ብሎ ጠራው። ከእሱ በኋላ የመጣው ኤልመር ስዌንሰን፣ ከሴንት ክሮይ ወንዝ ማዶ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ኦሲዮላ አጠገብ ላም እያለበ የሚኖር ገበሬ ነበር። በ1943 ወይን ማዳቀል ጀመረ። የሚገርመው፣ የአዋሽ ወይን ጠጅም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው ይባላል። ስዌንሰን ዲግሪም ላቦራቶሪም አልነበረውም። ያበበውን በእጁ አዳቀለ፣ ዘሩን ዘራ፣ ያልጣመውን ነቀለ። በ1969 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቀጠረውና አሥር ዓመት ያህል ሠራ። ኤድልዋይስ፣ ሴንት ክሮይ፣ ላ ክሮስ፣ ብሪያና የሚባሉት ዛሬ በመካከለኛው አሜሪካ የሚበቅሉ ወይኖች የእሱ እጅ ሥራዎች ናቸው። እሱም እንደ ሱልተር አንዱን በሚስቱ ስም ሉዊዝ ስዌንሰን ብሎታል። የሐረግ ቁራጭ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጥ ነበር። በ2004 ሞተ። የዚህን ሰው ስም ሳያነሣ የሚኒሶታን ወይን የሚያስተዋውቅ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ፣ ጥያቄ አንሡበት።

ዩኒቨርሲቲው ሥራውን ያጠናከረው ከስዌንሰን በኋላ ነው። ከሚኒያፖሊስ በስተ ምዕራብ፣ ቻንሃሰን አጠገብ፣ በ1908 የተመሠረተ የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያ አለው። ሃኒክሪስፕ የሚባለው፣ አሜሪካ ውስጥ በየሱቁ የሚሸጠው ፖም በ1991 የወጣው ከዚሁ ጣቢያ ነው። ወይኑ ደግሞ የበለጠ ትዕግሥት ጠየቀ። ፍሮንተናክ የሚባለው ጥቁር ወይን በ1978 ተዳቅሎ ለገበሬ የተለቀቀው በ1996 ነው፤ 18 ዓመት። ከፈረንሳዩ ፒኖ ኗር የልጅ ልጅ የሆነው ማርኬት በ1989 ተዳቅሎ በ2006 ወጣ። ነጩ ላ ክሬሰንት በ2002፣ ኢታስካ በ2017 ተለቀቁ። አንዱን ለማግኘት በሺዎች የሚቆጠር ችግኝ ይበቅላል፤ በብርዱ የሞተው ይሞታል፤ በበሽታ የተመታው ይነቀላል፤ ከተረፈው ተጨምቆ፣ ተጠምቆ፣ ተቀምሶ ነው የሚመረጠው። ሐረጉ ካፈራ በኋላ ጠጁ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ ተጨማሪ ዓመታት። ከእነዚህ ዝርያዎች በስተጀርባ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ፒተር ሄምስታድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ወይን ሲያዳቅል ከመኖሩም በላይ በ1992 ስቲልዋተር ላይ ሴንት ክሮይ ቪንያርድስን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ቀን ያዳቀለውን ማታ ይጠምቅ ነበር ማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ማረፊያ የተጓዝነው በሴንት ክሮይ ሸለቆ በኩል ነው። ወንዙ ሚኒሶታንና ዊስኮንሲንን ለያይቶ ከላይ ይወርድና ሄስቲንግስ ታች ከሚሲሲፒ ጋር ይቀላቀላል። ስቲልዋተር ከተማ ውስጥ በ1931 የተሠራው፣ መሀሉ ወደ ላይ የሚነሣው ድልድይ አሁን የእግረኛና የብስክሌት ነው፤ መኪናው በ2017 በተከፈተው አዲስ ድልድይ ያልፋል። አሮጌው ድልድይ ላይ ቆሞ ወንዙን ማየት ራሱን የቻለ ጉብኝት ነው። ሚኒባሱ ግን አልቆመም፤ ፕሮግራሙ ጥብቅ ነበር።

የሁለተኛው ቤት ባለቤት መጀመሪያ ወደ ቅምሻው ሳይሆን ወደ እርሻው ወሰደን። ለቀማው ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ሐረጉ ሁሉ በነጭ መረብ ተሸፍኗል። መረቡን ገለጥ አድርጎ አንድ ዘለላ አሳየን፤ ፍሬው ትንንሽ፣ ቆዳው ጥቁር ሰማያዊ፣ ላዩ ላይ አመድ የመሰለ ስስ ብናኝ። አንዱን ፍሬ ሲጨምቀው ጭማቂው ጣቱን ሐምራዊ አደረገው። ቅጠሉ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ የጃፓን ጥንዚዛ የሚሉት ነፍሳት ሥራ ነው። እማማ መረቡን በጣታቸው እየዳሰሱ «ወፍ ጠባቂ ልጅ የላቸውም?» አሉ። የለም። እኛ አገር ማሽላ ሲደርስ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚቀመጠውን ልጅ እዚህ የተካው መረቡ ነው።

ሰውየው ስለ ጠላቶቹ ሲናገር ብርዱን አላስቀደመም። ያስቀደመው የጎረቤቱን በቆሎ ነው። በቆሎና አኩሪ አተር ላይ የሚረጨው የአረም ማጥፊያ ነፋስ ካገኘ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ወይን ደግሞ ለመድኃኒቱ በጣም ስስ ነው፤ ቅጠሉ ይጨማደዳል፤ ፍሬው ይከስማል። ቀጥሎ የተናገረው ስለ ፀደዩ ነው። በማርች ሦስት ሞቃት ቀን ከመጣ ሐረጉ ተታልሎ ይነቃል፤ በሜይ ውርጭ ሲመለስ የነቃው ሁሉ ይቃጠላል። ዝዋይ ያለው ገበሬ ችግሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚያ ብርድ ስለሌለ ሐረጉ በደንብ አይተኛም፤ እንዲያርፍና እንዲያብብ የሚያደርገው መግረዣውና ውኃው ነው። ካስቴል የተባለው ኩባንያ ዝዋይ ላይ ከተከለው ወይን የመጀመሪያውን ጠርሙስ በ2014 ለገበያ አቅርቧል፤ ከተከላ እስከ ጠርሙስ አሥር ዓመት እንኳ አልፈጀም። ሚኒሶታ ውስጥ ግን ተከላው ከመጀመሩ በፊት የሚተከለውን ዘር መፍጠር ነበረባቸው።

ከዚያ ቅምሻ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ለያንዳንዱ ሰው ብርጭቆ፣ መሀል ላይ ብስኩትና የዊስኮንሲን አይብ፣ ዳር ላይ መትፊያ ባልዲ። በየዙሩ የሚቀዳው ወደ 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከሁለት ጉንጭ አይበልጥም። አምስት ዓይነት ከቀመሱ አንድ መደበኛ ብርጭቆ ሙሉ ጠጡ ማለት ነው። ሦስት ቤት ከሄዱ ሦስት ብርጭቆ። የልደቷ ሴቶች ባልዲውን አልነኩትም፤ የአይዋው ሽማግሌ ግን እያንዳንዱን አጉመጥምጦ ይተፋ ነበር፤ በጉብኝቱ መጨረሻ ላይ ስለ ወይኑ በደንብ መናገር የቻለው እሱ ብቻ ነበር።

ፍሮንተናክ ተቀዳ። ቀለሙ ያምራል፤ ሽታው የቼሪ ነው። እማማ ቀመሱ፤ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩ፤ አስቀመጡ።

«ይኼ አልደረሰም ልጄ።»

ልጅቷ ለሰውየው ተረጎመችለት። ሰውየው አልተቀየመም፤ እንዲያውም ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ትክክል ነው አለ። የዱሩ አያት ብርድ መቻሉን ሲያወርስ ኮምጣጣነቱንም አብሮ አወረሰ። ስኳሩ ሞልቶ እንኳ አሲዱ አይወርድም። የሚያወርዱበት መንገድ አለ። አንደኛው ፍሬውን ሐረግ ላይ ማቆየት ነው፤ ግን ወፉም ውርጩም ይሽቀዳደማል። ሁለተኛው ከፍላቱ በኋላ ባክቴሪያ ጨምሮ፣ እንደ ፖም የሚኮመጥጠውን አሲድ እርጎ ውስጥ ወዳለው ለስላሳ አሲድ መለወጥ ነው። ሦስተኛው ከሌላ ወይን ጋር ማደባለቅ። አራተኛውና ቀላሉ፣ ስኳሩን ሙሉ በሙሉ ሳያብላሉ መተው ነው፤ ጣፋጩ ኮምጣጣውን ይሸፍነዋል። ብዙ የሚኒሶታ ቤቶች ዝርዝራቸው ላይ ጣፋጭ የሚበዛው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ቤት ፍሮንተናክን ፖርት የሚባለው ዓይነት ብርቱና ጣፋጭ መጠጥ ያደርገዋል፤ ለእኔ ጣዕም ይህ ወይን የሚያምርበት እንደዚያ ሲሆን ነው።

እማማ «ስንት ቀን ነው የሚያስቀምጡት?» ብለው ጠየቁ። ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በርሜል ውስጥ እንደሚቆይ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጌሾውስ?» ጌሾ የለውም። የወይኑ ቆዳ ነው የጌሾውን ሥራ የሚሠራው፤ መራራውንና ጉሮሮ የሚይዘውን ታኒን የሚሰጠው ቆዳውና ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ነው። የሚኒሶታ ጥቁር ወይኖች ደግሞ ታኒናቸው አነስተኛ ነው። ቀለም አለ፣ ኮምጣጣነት አለ፣ አጥንት ግን ይጎድላል። ከሁሉ የሚሻለው ማርኬት ነው፤ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጠረን አለው፤ ሲውጡት ትንሽ ይቆያል። ሚኒሶታ ሄዶ አንድ ቀይ ወይን ብቻ ለሚቀምስ ሰው ማርኬት ይበቃዋል እላለሁ።

ላ ክሬሰንት ሲቀዳ እማማ ፊታቸው ተፈታ። «ይኼኛው ማር ገብቶበታል» አሉ። አልገባበትም። ሽታው አፕሪኮት የሚመስል፣ በዘሩ ሙስካት ያለበት ነጭ ወይን ነው። አስጎብኚው ግን ቃሉን ያዝ አድርጎ፣ ማር ከፈለጉ ቺሳጎ ሲቲ መሄድ ነው አለ። እዚያ ዋይንሄቨን የሚባል መጥመቂያ አለ፤ ባለቤቶቹ የፒተርሰን ቤተሰብ ከወይን በፊት ንብ አናቢዎች ነበሩ፤ ዛሬም ከወይኑ ጎን ለጎን የማር ወይን ይጠምቃሉ። ያን ቀን በፕሮግራማችን ላይ አልነበረም። መኖሩ ግን ለእኛ ሰው ዋጋ አለው። የሚኒሶታ ማር የታወቀ ነው፤ ጌሾ በየሐበሻው ሱቅ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል፤ የአሜሪካ የፌደራል ሕግ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤተሰብ ለራሱ ፍጆታ በዓመት 200 ጋሎን፣ ማለት ወደ 750 ሊትር የሚጠጋ እንዲጥል ይፈቅዳል። መሸጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። በየሠርጉ ላይ ተቀድቶ የሚመሰገነው ጠጅ ከምድር ቤት ወጥቶ በቅምሻ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ፣ ከብዙው ጣፋጭ ፍሮንተናክ አያንስም። ይህን የምለው በአገር ልጅነት አድልቼ እንዳይመስላችሁ፤ የአይዋው ሽማግሌ ስለ ጌሾ ሲሰማ የት እንደሚቀመስ ሁለት ጊዜ ጠይቋል።

ሦስተኛውን ቤት ስሙን ልተወው። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ሙዚቃ አለ፤ ፒዛ አለ፤ ከእኛ ሌላ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ነበር። የወይን ሐረግ በመስኮት በኩል ጥቂት ረድፍ ይታያል። የቀረበልን ቀይ ወይን ለስላሳ፣ የበሰለ፣ ኮምጣጣነት የሌለው ነበር፤ ከቀደመው ቤት በኋላ ምሥጢር ሆነብኝ። ጠርሙሱን አዙሬ ሳየው «አሜሪካን» ይላል እንጂ «ሚኒሶታ» አይልም። አስጎብኚው ስለዚህ ትንፍሽ አላለም።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ ደንብ አንድ ጠርሙስ የግዛት ስም ከጻፈ፣ ከወይኑ ቢያንስ 75 በመቶው ከዚያ ግዛት መሆን አለበት። «አሜሪካን» ብቻ ከሆነ ከአገሪቱ ከየትም ተሰብስቦ ሊሆን ይችላል። ሚኒሶታ ደግሞ በ1980 ባወጣችው የገበሬ መጥመቂያ ሕግ መሠረት፣ ፈቃዱን የያዘ ሰው ከሚጠቀመው ፍሬ አብዛኛው በግዛቱ ውስጥ የበቀለ እንዲሆን ግድ ትል ነበር። በ2017 ሁለት መጥመቂያዎች ይህን ተቃውመው ፌደራል ፍርድ ቤት ሄዱ። አንዱ፣ አንባቢ ይገርመዋል፣ ራሱ አሌክሲስ ቤይሊ ነው፤ መቶ በመቶ በሚኒሶታ ወይን ስሙን የተከለው ቤት። ክርክራቸው ምርቱ በብርድ በተመታ ዓመት ከውጭ መግዛትና ኮምጣጣውን በሌላ ወይን ማለዘብ መብታችን ነው የሚል ነበር። በ2020 ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። ለነጋዴው ፍርዱ ተገቢ ይመስለኛል፤ ስምንት ሄክታር በአንድ ሌሊት ውርጭ የሚያጣ ሰው በራሱ ፍሬ ብቻ ኑር ሊባል አይገባም። ለጎብኚው ግን ሸክም ጨመረበት፤ የሚጠጣው የት እንደበቀለ ራሱ መጠየቅ አለበት። አንድ ሰዓት ተጉዞ የካሊፎርኒያ ጭማቂ መቅመስ ምን ይባላል? እሱንማ ከሆቴሉ በታች ያለ ሱቅ ይሸጠዋል።

በነገራችን ላይ ይህች ግዛት ከመጠጥ ጋር ያላት ዝምድና ድሮም ቀና አልነበረም። በ1919 አሜሪካ ውስጥ መጠጥን የከለከለው ሕግ በስሙ የሚጠራው አንድሩ ቮልስቴድ የሚኒሶታ የኮንግረስ አባል ነበር። ሱቆች እሑድ መጠጥ እንዲሸጡ የተፈቀደውም ገና በ2017 ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚኒሶታን ደቡብ ምሥራቅ ጨምሮ አራት ግዛቶችን የሚነካው የላይኛው ሚሲሲፒ ሸለቆ በ2009 በይፋ የወይን ክልል ተብሎ ታውቋል፤ ስፋቱ 77 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአሜሪካ ትልቁ። ስፋቱ ግን ስለ ጥራቱ አይናገርም፤ አብዛኛው መሬት በቆሎ ነው።

ታዲያ መሄድ ያዋጣል? ለወይኑ ብቻ ከሆነ አይመስለኝም። ቦርዶን ወይም ናፓን የለመደ ምላስ ይህን አገር በኮምጣጣነቱ ይከስሰዋል። ሰው ከተፈጥሮ ጋር እንዴት እንደሚደራደር ማየት ለሚወድ ግን ከሞል ኦፍ አሜሪካ ይልቅ ይህ ቀን ይሻለዋል። ቤት ስትመርጡ ከአራት ሁለት ይሻላል፤ ከሦስተኛው በኋላ ምላስ አይለይም። እርሻው ውስጥ አስገብቶ የሚያሳይ ጉብኝት ፈልጉ፤ ጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚያስቀምጠውን ተዉት። ምዕራቡን መስመር ከመረጣችሁ ዋኮኒያ ላይ ከመቅመሳችሁ በፊት ቻንሃሰን ያለውን የዩኒቨርሲቲውን የዕፅዋት ማእከል እዩ፤ ወይኑ የተወለደው በዚያ ሰፈር ነው። ስትመዘገቡ ምሳውና ቅምሻው በዋጋው ውስጥ መካተቱን ጠይቁ፤ ለአስጎብኚውና ለሹፌሩ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ የተለመደ ነው።

ጊዜው ከመስከረም መባቻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ ለቀማው ያን ጊዜ ነው፤ ብርዱም ገና አልገባም። ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ያዙ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ ስለማይሸጥ አንዳንዱ ቤት ጸጉሩ የሸበተውንም ይጠይቃል። እናት ወይም አያት ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠጅ ጥላ የምታውቅ ሴት የምትጠይቀውን ጥያቄ ሌላ ጎብኚ አይጠይቅም። ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ አዙሩትና አንብቡት፤ «ሚኒሶታ» የሚል ከሌለበት ገንዘባችሁን አታውጡ።